ድሬዎች፣ ኤሲና ጄኔሬተር የሚያስማሙ ሰው አሉ

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋ ለምትኖሩ፣ በተለይ ቤታችሁ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ላላችሁ ነው።

እናቴ የዳሌ አጥንት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ከተኛች ሦስተኛ ወሯ ነው። የግንቦትን ሙቀት ለድሬ ሰው አልነግረውም። ጤነኛው ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ አቅቶት ጥላ ፍለጋ ይወጣል፤ እሷ ግን ለመገላበጥ እንኳ ሰው ትጠብቃለች። ጀርባዋ በላብ ርሶ እንዳይቆስል ብለን ከወንድሞቼ ጋር አዋጣንና ያገለገለ ባለ 9 ሺህ ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ኤሲ፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣ፣ አስገጠምንላት። መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ደግሞ ባለ 2.5 ኪሎዋት ትንሽ ጄኔሬተር ገዛን።

አልሠራም። ማራገቢያው ይነፍሳል፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን እየጨመቀ የሚያቀዘቅዘው ሞተር) ግን ትንሽ አቃስቶ ጸጥ ይላል፤ ጄኔሬተሩም አብሮት ትንፋሹ ይቆራረጣል። የጠራነው ባለሙያ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለን። የጠየቀን ገንዘብ ኤሲውን ከገዛንበት ብዙም አያንስም ነበር። ያን ሌሊት እናቴን በእርጥብ ፎጣ ሳብስ አነጋሁ።

በማግስቱ የጎረቤታችን ልጅ ጋሼን ይዞልኝ መጣ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በወጣትነታቸው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ኤሌክትሪክ የተማሩ ሰው ናቸው። ኤሲውን ከማየታቸው በፊት ጄኔሬተሩ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ፀሐይ እንዳያገኘው ብለን በረንዳው ላይ፣ የእናቴ መስኮት ሥር ነበር ያስቀመጥነው። «አቦ ልጄ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ሳይነሳ እኔ መሣሪያ አላወጣም» አሉ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። እንደዚያ ሽማግሌ ሆነው ከወንድሜ ጋር ተሸክመው ግቢው ጫፍ ድረስ ወሰዱት፤ የጭስ ማውጫውንም ወደ አጥሩ አዞሩት። እስከ ዛሬ ያን መስኮት ባየሁ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

ከዚያ ሽቦውን ነክሶ የሚለካውን ሜትራቸውን አወጡ። ጄኔሬተሩ ባዶውን 225 ቮልት ይሰጣል። ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲታገል ግን ኤሲው ጋ የሚደርሰው 150 ብቻ ሆነ። ቁጥሩን ጠርተው አሳዩኝና ቁጭ ብለው አስረዱኝ። የእኛ ዓይነቱ ኮምፕሬሰር አንዴ ከተነሳ 4 አምፔር ገደማ ይበቃዋል፤ ለመነሳት ግን ለቅጽበት የዚያን አምስት እጥፍ ያህል ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ያን ሁሉ በ20 ሜትር ቀጭን ማራዘሚያ ልናሳልፍ ነበር። በዚያ ላይ ድሬ ሞቃት ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ተኩል ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 2.5 ተብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚህ 2.2 እንኳ አይሞላም። ሻጩ ይህን ቢነግረን ከፍ ያለውን እንገዛ ነበር።

የኤሲውን የውጭ ክፍል ሲከፍቱ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ላይ አቅሙ 25 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፏል፤ ሲለኩት 16 ሆነ። ኮምፕሬሰሩን ለማስነሳት የሚያግዘው እሱ ነው። «ማን ነው ኮምፕሬሰሩ ሞተ ያለሽ?» አሉና ወንድሜን ለካፓሲተርና ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ወፍራም የመዳብ ኬብል ላኩት። እሱ እስኪመለስ የጄኔሬተሩን የአየር ማጣሪያ አጠቡ፤ ኤሲው ውጭ ያለውን አቧራ የጠጣ ራዲያተርም በውሃ አጸዱ።

ሲጨርሱ ፍሪጁን ከሶኬት አስነቀሉኝ። ጄኔሬተሩ አምስት ደቂቃ ያህል ከሞቀ በኋላ «አሁን ክፈቺው» አሉ። ድምፁ አንዴ ወረደ፣ ከዚያ ቀና አለ። ኮምፕሬሰሩ ተነሳ! ጥቂት ቆይቶ እናቴ ከውስጥ «ልጄ፣ ደረሰኝ፤ ነፋሱ ደረሰኝ» ስትል እንባዬ መጣ።

ከመሄዳቸው በፊት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ሁለቱም ጫፉ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ ገመድ አዩ። ሻጩ «ቤቱን በሙሉ በዚህ ታበሩታላችሁ» ብሎ የሰጠን ነው። አውርደው በፒንሳ ለሁለት ቆረጡት። እንዲህ ያለው ገመድ ኃይሉን ወደ ውጭው መስመር መልሶ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊገድል ይችላል፤ መብራት ሲመጣም ጄኔሬተሩን ያቃጥለዋል። በፋንታው በሌላ ቀን መጥተው መብራትንና ጄኔሬተርን የሚለያይ ማብሪያ ገጠሙልን። ኤሲው ከጠፋ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ መልሼ እንዳልከፍተው፣ ጄኔሬተሩን ከማጥፋቴም በፊት ኤሲውን እንዳጠፋ በወረቀት ጽፈው ማብሪያው ጎን ለጠፉልኝ። ወረቀቱ አሁንም እዚያው አለ።

የተቀበሉኝ የእጅ ዋጋ ያ ባለሙያ ከጠየቀን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ጨምሬ ብሰጣቸው «ለእናትሽ መድኃኒት ግዢበት» ብለው መለሱልኝ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስምዎን ጠርታ ትመርቅዎታለች።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ዕቃ ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ እሳቸው የሚያስከፍሉት የእጃቸውን ብቻ ነው። አርብ ከሰላት በፊት አትደውሉላቸው። ቅዳሜ የጄኔሬተሩን ዘይት ሊቀይሩልኝ ይመጣሉ፤ ሰፈራችን ያላችሁ እስከዚያ ካሳወቃችሁኝ በዚያው ይዣቸው እመጣለሁ።