ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15፦ ግዙፍ ግን ጸጥተኛ ማቀዝቀዣ

ትንሽ ፋን በቂ አየር ለመግፋት መፍጠን አለበት፤ የኮምፒውተር ጩኸት በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል። ይህ የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ማቀዝቀዣ ግን ሁለት ባለ 140 ሚሊሜትር ፋኖች ስላሉት በዝግታ ይሠራል። ከፍተኛ ፍጥነታቸው በደቂቃ 1500 ዙር ነው፤ አብሮት የሚመጣው ድምፅ መቀነሻ ገመድ ወደ 1200 ያወርደዋል።

ችግሩ ግዝፈቱ ነው። ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዛችሁን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ለኩ። የፊተኛው ፋን ራሙ (የማስታወሻ ካርዱ) ላይ ይደርባል፤ ራማችሁ ከ32 ሚሊሜትር ከረዘመ ፋኑ ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ያኔ የኬዙ ጎን ላይዘጋ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የፊተኛውን አውጡት፤ የመሃሉ ብቻውን በደንብ ያቀዘቅዛል።

ስትገጥሙት ብሎኖቹን እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ፔስት ወደ አንድ ጎን ይገፋል። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ላይ ፋኑ ፍጥነቱን ከመቀየሩ በፊት ጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ አድርጉ፤ ጆሮ የሚረብሸው ከቋሚው ድምፅ ይልቅ ከፍ ዝቅ የሚለው ነው።