ማዮማ፦ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ወይስ ማህፀኑን ጭምር?

ታላቅ እህቴ የወር አበባዋ ሲመጣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስር ነበር፤ ደሙ ቢያልፍ እንዳይታይባት። ሐኪም ዘንድ የሄድነው ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስን የሚያሳየው ልኬት) ወደ 7 ከወረደ በኋላ ነው። ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ፣ ተገኘባትና ምርጫው ሁለት ሆኖ ቀረበላት።

ዕጢውን ብቻ ማውጣት ማህፀኑን ያተርፋል፤ መውለድ ለምትፈልግ ሴት ቀድሞ የሚታሰበው ይህ ነው። ግን ማዮማው እንደገና ሊበቅል ይችላል፣ በተለይ ዕጢዎቹ ብዙ ከነበሩ። ማህፀኑ በጥልቀት ከተከፈተ ደግሞ ቀጣዩ ልጅ በኦፕራሲዮን እንዲወለድ ሊመከር ይችላል።

ማህፀኑን ማውጣት ነገሩን ይቋጨዋል፦ ደሙ ይቆማል፣ ማዮማው አይመለስም፣ እርግዝናም አይኖርም። «ሴትነትሽ አበቃ» ያሏት ዘመዶች አስለቅሰዋታል፤ በጣም ነው ያናደደኝ። ኦቫሪዎቹ (እንቁላል የሚያመነጩት) ካልወጡ እኮ ሆርሞን ማመንጨታቸውን ይቀጥላሉ!

ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ ሁለቱም እስከ 6 ሳምንት እረፍት ይፈልጋሉ። ጀሪካን ማንሳት ክልክል ነው።

እህቴ 44 ዓመቷ ነው፣ ሦስት ልጆች አሏት፤ ሁለተኛውን መረጠች፣ እኔም ደገፍኳት። ገና ያልወለደች የ30 ዓመት ሴት ብትሆን ኖሮ ግን «ዕጢው ብቻ ሊወጣልኝ አይችልም ወይ?» ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ እላት ነበር።