የዋሽንግተን ዲሲው ነባር ፍርድ ቤት፦ የዕድሳቱና የማስፋፊያው ግምገማ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ጁዲሽየሪ ስኩዌር በሚባለው የፍርድ ቤቶች ሰፈር፣ የመሠረት ድንጋዩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 የተጣለ ሕንፃ አለ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሕንፃው መጀመሪያ የታቀደው ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ቢሆንም ገና ግንባታው ሳያልቅ ችሎት ማስተናገድ ጀመረ። በ1999 ተለቅቆ ለአሥር ዓመት ያህል ያለ አገልግሎት ከቆየ በኋላም ታድሶና ተስፋፍቶ በ2009 የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ (የዲሲ) ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መቀመጫ ሆነ። እዚህ የምገመግመው ያንን ዕድሳትና ማስፋፊያ፣ እንዲሁም ሕንፃው ዛሬ ለባለጉዳይ፣ ለጠበቃና ክርክር ለማዳመጥ ለሚመጣ ሰው የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። ሥራው በአመዛኙ የተሳካ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተሳካውም በተለይ አዲስ የተጨመረው ክፍል ራሱን ለማሳየት ከነባሩ ጋር ስላልተሻማ ነው። ሆኖም በቀላሉ የማላልፈው አንድ ቅሬታ አለኝ።

በቅድሚያ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ባለጉዳይ ሲባል፣ ይህ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሰፈር ውስጥ ስማቸው የሚቀራረብ ፍርድ ቤቶች ስላሉ መሳሳት ቀላል ነው። የፍቺ ወይም የወንጀል ጉዳይ በመጀመሪያ ደረጃ የሚታየው በዚህ ሕንፃ ሳይሆን ኢንዲያና አቬኑ ቁጥር 500 ላይ በሚገኘው ሞልትሪ በተባለው ትልቅ የፍርድ ቤት ሕንፃ ነው። በኮንስቲትዩሽን አቬኑ የሚገኘው ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ፣ ኢ ስትሪት ቁጥር 430 ላይ፣ የሚሰማው ይግባኝ ብቻ ነው፤ ምስክር አይቀርብም፣ የሕዝብ ዳኞችም አይሰየሙም፣ ጠበቆች የታችኛው ፍርድ ቤት ሕግ ስቷል ወይስ አልሳተም በሚለው ላይ ብዙውን ጊዜ በሦስት ዳኞች ፊት ይከራከራሉ። በሕንፃው ውስጥ የሚሰማው ፀጥታም የሚመነጨው በከፊል ከዚህ የሥራ ጠባይ ነው።

የዕድሳቱን ክብደት ለመመዘን የሕንፃውን ዕድሜ ማወቅ ግድ ይላል። ንድፉን ያወጣው ቀደም ሲል በ1790ዎቹ የአሜሪካ ምክር ቤትን ሕንፃ ግንባታ ሲቆጣጠር የነበረው እንግሊዛዊው አርክቴክት ጆርጅ ሃድፊልድ ነው። የግንባታውን ገንዘብ በሎተሪ ለማሰባሰብ የተደረገው ሙከራ ስላልሰመረ ሥራው እየተቋረጠ እየተቀጠለ ሄደ፤ ሃድፊልድ በ1826 ሲሞት ሕንፃው ገና ጅምር ነበር፣ ሙሉ ለሙሉ የተጠናቀቀውም በ1849 ነው። በመካከሉ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ የቆመ፣ አዮኒክ በሚባሉ፣ ራሳቸው ላይ የተጠቀለለ ጌጥ ባላቸው የግሪክ ዘይቤ ዓምዶች የተደገፈ በረንዳ አለው፤ ግራና ቀኙን ሁለት ክንፎች ይዘውታል። ጌጡ ጥቂት፣ መጠኑ ግን የተለካ ነው፤ ክብሩን የሚያገኘው ከቅርጹ እንጂ ከቅርጻ ቅርጽ ብዛት አይደለም።

ይሁንና ዛሬ በዓይን የሚታየው ድንጋይ የሃድፊልድ ድንጋይ አለመሆኑን ብዙ ጎብኚዎች አያውቁም። የመጀመሪያው ግድግዳ ጡብ ሆኖ በላዩ ልስን የተቀባ ነበር። ከ1917 እስከ 1919 በተካሄደው ሰፊ ሥራ ሕንፃው ከውስጥ በአብዛኛው እንደገና ተሠርቶ ውጪው በኖራ ድንጋይ ተሸፈነ። ስለዚህ የ2009ኙ አዳሾች የተረከቡት ንድፉ የአንድ ዘመን፣ ገላው የሌላ ዘመን የሆነ ሕንፃ ነው። የቱን ዘመን ይመልሱ? ድንጋዩን ገፍፎ ልስኑን መመለስ ቅርስን በቅርስ ማጥፋት ይሆን ነበርና ሁለቱንም ዘመኖች አክብረው መሥራታቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ንድፉን የሠራው ባየር ብላይንደር ቤል የተባለው የኒውዮርክ የአርክቴክቶች ድርጅት ነው፤ ይህ ድርጅት የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያንና የኤሊስ አይላንድን ዋና ሕንፃ ዕድሳት የሠራ ስለሆነ በሥራው ውስጥ የሚታየው ትዕግሥት የሚያስገርም አይደለም።

በእነዚህ ግድግዳዎች ውስጥ የተሰማው ጉዳይ ብዛትና ክብደት ሕንፃው ሊፈርስ የማይገባበትን ምክንያት በሚገባ ያስረዳል። በ1848፣ 77 በባርነት የተያዙ ሰዎችን ፐርል በተባለች መርከብ ለማስመለጥ የሞከሩት ዳንኤል ድሬይተንና ኤድዋርድ ሴይርስ የተዳኙት እዚህ ሲሆን ከተከላካይ ጠበቆቻቸው አንዱ የምክር ቤት አባልና የትምህርት ለውጥ አራማጅ የነበረው ሆሬስ ማን (Horace Mann) ነበር። የፕሬዚዳንት ሊንከንን መገደል ተከትሎ የተከሰሰው ጆን ሰራት በ1867፣ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የገደለው ቻርልስ ጊቶ ደግሞ ከ1881 መጨረሻ ጀምሮ የቀረቡት በዚሁ ነው። ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚይዘኝ የ1862ቱ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 16 በወጣው ሕግ ከ3,000 በላይ የከተማዋ ባሮች ነጻ ሲወጡ፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው እስከ 300 ዶላር ካሣ የከፈለው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ እንጂ ለነጻ ወጪዎቹ አልነበረም፤ የካሣውን ማመልከቻ የመረመረው ኮሚሽንም የተሰየመው በዚህ ሕንፃ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ ራሱ በባርነት የተወለደውና ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ የዲስትሪክቱ ማርሻል፣ ማለትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚ ሹም፣ ሆኖ ተሾሞ በዚሁ ሕንፃ ሥራውን ጀመረ፤ ከ1881 ጀምሮም የንብረት ሰነዶች መዝጋቢ ሆኖ አገልግሏል። ዲሲ ውስጥ በየዓመቱ ሚያዝያ 16 የሚከበረው የነጻነት ቀን በዓል ከዚህ ቦታ ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ወደ ማስፋፊያው ስመለስ፣ አርክቴክቶቹ የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። ለዘመኑ ፍርድ ቤት የፍተሻ ቦታ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ፣ ትልቅ ችሎትና የመኪና ማቆሚያ ያስፈልገዋል፤ ነባሩ ሕንፃ ግን ለእነዚህ አንዳቸውም የሚሆን ቦታ አልነበረውም፣ በጎኑም ሌላ ሕንፃ ቢቀጠልበት የክንፎቹ ሚዛን ይፈርሳል። የተመረጠው መፍትሔ ሁለት ገጽታ አለው። ሰፊው የክብር ችሎትና የመኪና ማቆሚያው ከመሬት በታች ተሠርተዋል። ከመሬት በላይ የታየው ብቸኛ ጉልህ ጭማሪ በሰሜን በኩል፣ በኢ ስትሪት አቅጣጫ የቆመው የመስተዋትና የብረት መግቢያ ነው። መስተዋቱ የኋላውን የድንጋይ ግድግዳ ስለማይሸፍነው ከውጭ የቆመ ሰው አዲሱንና አሮጌውን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ወደ ውስጥ የገባውም ቀድሞ የውጭ ግድግዳ የነበረውን ድንጋይ በቅርብ ሊነካው ይችላል። አዲሱ ክፍል አሮጌ ለመምሰል አልሞከረም፤ የሐሰት ዓምድ የለበትም፣ ድንጋዩን በቀለም ለማስመሰልም አልተሞከረም። ቅርስን ማክበር ማለት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሃያኛው ወይም ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን የጨመረውን ነገር የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥራ አስመስሎ ማቅረብ ተመልካችን ማሳሳት ነው።

ለተገልጋዩም ይህ መግቢያ የሚያስገኘው ጥቅም ተጨባጭ ነው። በደቡቡ በረንዳ ለመግባት ከፍ ያለውን ደረጃ መውጣት ግድ ስለነበር ለአረጋዊ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ወይም ሕፃን ላዘለች እናት አይመችም ነበር። በሰሜን በኩል ግን የሚገባው ያለ ደረጃ ነው፤ ፍተሻውም በመስተዋቱ ክፍል ውስጥ ስለሚከናወን የብረት መመርመሪያው ነባሩን አዳራሽ አላጣበበውም። በየከተማው ያሉ ብዙ ነባር የመንግሥት ሕንፃዎች ውብ መግቢያቸው በፍተሻ ዕቃና በገመድ ተጨናንቆ ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቅሬታዬ የሚነሳው ከዚሁ መፍትሔ ነው። መግቢያው ወደ ሰሜን ሲዞር፣ ሃድፊልድ የሕንፃው ፊት እንዲሆን የነደፈው የደቡብ በረንዳ ያለ ሥራ ቀረ። በዚያ በኩል፣ በበረንዳው ፊት ለፊት፣ በከተማው ነዋሪዎች መዋጮ ተሠርቶ ሚያዝያ 15 ቀን 1868፣ ሊንከን በሞተ በሦስተኛው ዓመት የተመረቀው፣ ሎት ፍላነሪ የተባለው ቀራጺ የሠራው የሊንከን ሐውልት ቆሟል። በ1919 ከቦታው ተነሥቶ የነበረውን ይህን ሐውልት ሰዎች ተሟግተው በ1923 አስመልሰውታል። ለመታሰቢያው ሲሉ ያን ያህል የደከሙ ሰዎች ባሉበት ከተማ፣ ዛሬ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚሄደው ባለጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ሐውልቱን ሳያየው ገብቶ ሳያየው ይወጣል። የደቡቡ በር ለዕለታዊ አገልግሎት ባይከፈት እንኳ፣ ከሰሜኑ መግቢያ የተነሣ እግረኛ ሕንፃውን ዞሮ ወደ በረንዳውና ወደ ሐውልቱ እንዲሄድ የሚጋብዝ የመንገድ ንድፍ ሊታሰብ ይገባ ነበር። የጸጥታና የተደራሽነት ምክንያቶቹን እቀበላቸዋለሁ፤ ነገር ግን የአንድ ሕዝባዊ ሕንፃ ፊት ለሕዝቡ ጀርባ ሲሆን የሚጠፋው ነገር በመስተዋቱ ውበት አይካካስም።

እንዲያም ሆኖ፣ ከዕድሳቱ ውሳኔዎች ሁሉ በላይ ከፍ አድርጌ የማየው ሕንፃው ወደ ፍርድ ቤትነቱ መመለሱን ነው። ሙዚየም ወይም ሆቴል ማድረግ ይቻል ነበር፤ በሌሎች ከተሞች ብዙ የፍርድ ቤት ሕንፃዎች ያ ዕጣ ደርሷቸዋል። እዚህ ግን ዳኞች ዛሬም ይሰየማሉ፣ ክርክሩም ለሕዝብ ክፍት ነው። ክርክር ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይ ሕግ ለሚያጠኑ ወጣቶቻችን፣ የቀጠሮውን ዝርዝር አስቀድሞ ከፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ማየት፣ መታወቂያ መያዝ፣ ችሎት ከመግባት በፊትም ስልክ ማጥፋት እመክራለሁ። መምጣት ያልቻለ በቀጥታ ስርጭት መከታተል ይችላል፤ ይሁንና ዳኞች ጠበቃውን በጥያቄ ሲያቋርጡት፣ ጠበቃውም ያዘጋጀውን ንግግር ትቶ ለጥያቄው ሲመልስ በአካል ተገኝቶ ማየት የይግባኝን ሥራ ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያስተምራል።

ለመድረስ ምቹው መንገድ ቀዩን የሜትሮ መስመር ይዞ ጁዲሽየሪ ስኩዌር ጣቢያ መውረድ ነው። መኪና የሚያመጣ ሰው በሕንፃው ሥር ባለው ማቆሚያ ላይ መተማመን የለበትም፣ በአካባቢው መንገዶችም ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ጊዜ ላለው፣ በሰሜን በኩል በ1887 የተጠናቀቀውን ግዙፍ የጡብ ሕንፃ፣ የዛሬውን ናሽናል ቢልዲንግ ሙዚየም፣ አብሮ ማየት ይጠቅማል፤ ከፍርድ ቤቱ የሰሜን መግቢያ ፊት ለፊት ደግሞ በ2018 የተከፈተው የሕግ አስከባሪዎች ሙዚየም አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ስለሆነ የፍርድ ቤቱን እይታ አልጋረደም። ሲመለሱ ግን በኢንዲያና አቬኑ በኩል ዞረው በረንዳውንና ሐውልቱን እንዲያዩ አደራ እላለሁ፤ መግቢያው ወደዚያ ስለማይመራ እንግዳውን የሚያደርሰው የራሱ ፍላጎት ብቻ ነው።