ኤን ኤይት ኤንን ከሱፓቤዝ ጋር ማገናኘት፦ ከኮምቦልቻ መጋዘን የተገኘ ልምድ

የግንባታ ዕቃ ሱቃችን ደሴ ፒያሳ፣ መጋዘናችን ደግሞ ኮምቦልቻ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ የሚሸጠው ብረትና ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ መኖሩን የምናረጋግጠው ለዓመታት በስልክ ነበር። ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ፣ መኪና ተከራይቶ ሐረጎን ከወረደ በኋላ «ባለ 12 ብረት አልቋል» ሲባል ማየት ያሳፍራል። ስለዚህ የደሴው ሻጭ ጎግል ሺት ላይ የሚመዘግበውን ሽያጭ ኤን ኤይት ኤን (n8n፤ ፕሮግራሞችን እያገናኘ ሥራን በራሱ የሚያከናውን መሣሪያ) በየግማሽ ሰዓቱ እያነበበ ሱፓቤዝ (Supabase፤ ዳታቤዝን በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ላይ ወዳለው ዳታቤዛችን እንዲያስገባ አደረግን፤ ከመስከረም 2018 ጀምሮም እየተጠቀምንበት ነው።

ወጪው ቀላል ነው። ኤን ኤይት ኤንን በራስ ኮምፒውተር ላይ በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ጭኖ ለውስጥ ሥራ ለሚጠቀም ሰው የፈቃድ ክፍያ የለበትም፤ የሱፓቤዝ ነጻ አገልግሎትም 500 ሜጋባይት ዳታቤዝ ይሰጣል። በዶላር የሚከፍልበት ካርድ ለሌለው ነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጻው ፕሮጀክት ለአንድ ሳምንት ያህል ካልተነካ እንዲቆም ይደረጋል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ለሚሠራ ግን ይህ አያሳስብም።

ማገናኘቱ ላይ የሠራነው ስሕተት የራሳችን ነበር። ሱፓቤዝ ለአንድ ዳታቤዝ ከአንድ በላይ አድራሻ ይሰጣል፤ ቀጥተኛው አድራሻ፣ ተጨማሪ ካልተከፈለበት በቀር፣ የሚሠራው በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት፣ በአይ ፒ ቪ 6 ብቻ ሲሆን የቢሮአችን መስመር ግን የቆየው አይ ፒ ቪ 4 ነው። መመሪያውን በቅጡ ሳናነብ ቀጥተኛውን ስላስገባን ሁለት ቀን ሙሉ የይለፍ ቃል ስንቀያይር ቆየን። መወሰድ ያለበት ፑለር የሚባለው፣ በመካከል ሆኖ ግንኙነቱን የሚያስተላልፈውና በአይ ፒ ቪ 4ም የሚሠራው አድራሻ ነው፤ በዚህኛው የተጠቃሚ ስሙ «ፖስትግሬስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነጥብና የፕሮጀክቱን መለያ ይጨምራል። ይህ ከተስተካከለ በኋላ ግንኙነቱ ወዲያውኑ ሠራ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የቀን ጉዳይ ነው። ሻጩ ቀኑን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር፣ ለምሳሌ ጥቅምት 14ን 2018-02-14 ብሎ ነው። ሱፓቤዝ የሚጠቀምበት የዳታቤዝ ፕሮግራም ፖስትግሬስ ደግሞ ይህን የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 አድርጎ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። ጥቅምት 29 ቀን ረፋድ ላይ ግን የዕለቱ ሽያጭ አልገባም፤ ምክንያቱም በፈረንጆቹ 2018 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። ሠንጠረዡን ስንከፍት የመስከረም ሽያጭ በሙሉ በጃንዋሪ፣ የጥቅምቱ በፌብሩዋሪ ተመዝግቦ አገኘነው። ዳታቤዙ ያችን አንዲት ቀን ባይመልስብን ኖሮ እስከ ጳጉሜን፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር እስኪገጥመው ድረስ፣ ስሕተቱን ላናውቀው እንችል ነበር። አሁን ሻጩ የጻፈው ቀን እንዳለ በጽሑፍ ዓምድ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ባለው ዓምድ ደግሞ በኮድ ኖድ (ኤን ኤይት ኤን ውስጥ የራስ የጃቫስክሪፕት ኮድ በሚጻፍበት ክፍል) ተሰልቶ የፈረንጁ ቀን ይገባል። ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ መመለስ ቀላል ነው፤ ከእኛ ወደ ፈረንጁ ለመሄድ ግን ስሌቱን ራስ መጻፍ ያስፈልጋል።

የኤን ኤይት ኤን የሰዓት ክልልም ሳይነካ ከተተወ የኒው ዮርክ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ መቀየር አለበት። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ያለፈውን ተራ መሣሪያው ተመልሶ አይሠራውም፤ በዚህ ምክንያት ፍሰቱን የሠራነው በሰዓት ሳይሆን መጨረሻ ከገባው የደረሰኝ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ሁሉ እንዲያነሣ አድርገን ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ግን አሁንም ክፍተት ነው። ደሴ ላይ የተሸጠው የመጨረሻ ቆርቆሮ እስኪመዘገብ ድረስ ኮምቦልቻ ላይ ለመጣ ሰው ሊሸጥ ስለሚችል፣ ከ10 ፍሬ በታች ለቀረ ዕቃ ዛሬም እንደዋወላለን።