ብር፣ መዳብ ወይስ ነሐስ? ቤት ውስጥ ጌጥ ለሚሠሩ የሜታል ክሌይ ንጽጽር

ሜታል ክሌይ፣ ማለትም እንደ ሊጥ ተዳምጦ በእሳት ሲተኮስ ጠንካራ ጌጥ የሚሆን የብረታ ብረት ዱቄት ልውስ፣ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የግራሙን ዋጋ ነው። በዚያ ከተሄደ ነሐስና መዳብ ከብር እጅግ ይረክሳሉ፤ ብዙ ጀማሪም ይህን አይቶ ነሐስ ያስመጣል። ትልቁን ወጪ የሚያመጣው ግን መተኮሻው ነው። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ከበረንዳ ሌላ ቦታ ለሌለው ሰው በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮሰው የብር ክሌይ ይሻለዋል እንላለን።

ሦስቱም አሠራራቸው አንድ ነው፦ እጅግ የደቀቀ የብር፣ የመዳብ ወይም የነሐስ ዱቄት ከውሃና ከማያያዣ ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ይዳመጣል፤ እሳት ሲያገኘው ማያያዣው ተቃጥሎ ይጠፋል፣ ዱቄቱም እርስ በርሱ ይዋሃዳል። የሚለያዩት በሙቀቱና አየር በመፍራታቸው ነው።

ብር አየር አይፈራም። አርት ክሌይ ሲልቨር የተባለው የብር ክሌይ በ650 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ800 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ይተኮሳል፤ ፒኤምሲ 3 የተባለው ሌላው የብር ክሌይም ዝቅተኛ ሙቀት ከሚበቃቸው ነው። ከ25 ግራም ያልበለጠ ትንሽ ጌጥ ከሆነ እቶን እንኳ አያስፈልግም፤ በእጅ የሚያዝ የቡቴን ጋዝ ማቃጠያና እሳት የሚችል ጡብ ይበቃሉ። ጌጡ ጡቡ ላይ ይቀመጥና እሳቱ ዙሪያውን እየዞረ ይመታዋል። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ትንሽ ነበልባልም ያወጣል፤ ያ ማያያዣው ነው፣ አያስደነግጥም። ከዚያ ፈዘዝ ያለ ብርቱካናማ ፍም ይመስላል። ቀለሙ እንዲለይ መብራት አጥፍቶ ወይም መጋረጃ ጋርዶ መሥራት ይበጃል። ያንን ፍም ቢያንስ ለ2 ደቂቃ ሳያቋርጡ መያዝ ነው። ፊቱ እንደ መስተዋት ማብረቅ ከጀመረ መቅለጡ ነውና እሳቱን ወዲያው ማራቅ ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ብር 961 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቶሎ ከቆመ ደግሞ ጌጡ ከላይ ደህና መስሎ ጎበጥ ሲያደርጉት ቀጭ ይላል። ሲበርድ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ተበላሸ ብሎ መጣል የለም፣ በሽቦ ብሩሽ ሲፈተግ ብሩ ይታያል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን ከእሳቱ በፊት ነው። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ክሌዩ እጅ ላይ እያለ ይሰነጣጠቃል፤ ያልተነካውን በምግብ ፕላስቲክ መጠቅለል፣ መዳፍን በጠብታ የወይራ ዘይት መቀባት ይረዳል። ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፣ ደረቀ የተባለው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆይና እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ሞቅ ያለውን ጌጥ መስተዋት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ሲያነሡት ላብ ከታየ ገና አልደረቀም። አሉሚኒየም ዕቃ ብሩን ስለሚያበላሸው ከሥራው መራቅ አለበት።

ነሐስ እቶን ይፈልጋል። ጌጡ በማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ በአክቲቬትድ ካርቦን (ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል መሰል ቅንጣት) ተቀብሮ፣ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ800 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ይቆያል። ካርቦኑ የሚገባው አየሩ ዱቄቱን እንዳያዝገውና ውህደቱን እንዳይከለክል ነው፤ የቡና ከሰል አይተካውም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ መኝታ ክፍልና ዝግ ኩሽና ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የጌጡ ውስጥ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል። እቶን ከውጭ የሚያስመጣ ሰው 220 ቮልት መሆኑን ሳያረጋግጥ አይክፈል፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ 120 ቮልት ናቸው። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት በብዛት ለሚሠራና ለሚሸጥ ሰው ግን ነሐስ በእርግጥ ያዋጣል።

መዳብም አብዛኛው እንዲሁ ካርቦን ይፈልጋል። አርት ክሌይ ኮፐር የተባለው የመዳብ ክሌይ ያለ ካርቦን ይተኮሳል፣ ግን በ970 ዲግሪ፤ የሚለብሰውን ጥቁር ቅርፊት ማስለቀቁም ሌላ ሥራ ነው። ለመጀመሪያ ግዢ አንመክረውም።

ቀለበት ለሚያስብ መኮማተሩ ወሳኝ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮሰው ብር ከ8 እስከ 10 በመቶ፣ ነሐስ 20 በመቶ ገደማ ያንሳል። የጣት ዙሪያው 54 ሚሊ ሜትር ከሆነ የብሩን 60፣ የነሐሱን ከ67 እስከ 68 አድርጎ መጀመር ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ቀጭን የዘወትር ቀለበት ይጣመማል፤ እንዲህ ያለውን አንጥረኛ ከብር ሽቦ ወይም ከዝርግ ብር ቢሠራው ይጸናል። ክሌይ የሚያምርበት ጉትቻ፣ የአንገት መስቀልና ቅርጽ የታተመበት ማንጠልጠያ ላይ ነው።

የወሎ ኦፓል ለማስገባት ካሰቡ ከብሩ ጋር እንዳይተኮስ፤ በውስጡ ውሃ ስላለው ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ማቀፊያው ብቻ ይተኮስና ድንጋዩ በኋላ ይገባል። አልማዝ መሰሉ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ግን አብሮ መተኮስ ይችላል።

ለጅማሬ 20 ግራም የብር ክሌይ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ወፈር ተደርጎ ቢዳመጥ ሁለት ሦስት ትናንሽ ማንጠልጠያ ይወጣዋል። በስሪንጅ የሚሸጠውን ለስላሳ ክሌይ አሁን አይግዙ። ክሌይን ከክሌይ የሚያያይዘውን ማጣበቂያም ቢሆን ካልተተኮሰው ክሌይ የወጣ የሞረድ ብናኝና ፍርፋሪ አጠራቅሞ በጥቂት ጠብታ ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ማዘጋጀት ይቻላል።