ውል ከመፈረሜ በፊት የማማክራቸው ሰው፦ ለአንድ ጡረተኛ ምስጋና፣ ለሴት ኮንትራክተሮች ጥቆማ

ዝም ብዬ ባልፈው ነውር ነው። እዚህ አሜሪካ የቀለምና የድራይዎል (የጂፕሰም ግድግዳ) ኮንትራክተር ነኝ። የድርጅቱ ባለቤት እኔው ነኝ፣ ባሌ አይደለም። ይህን ጥያቄ መመለስ ስለሰለቸኝ ከወዲሁ ልገላገለው ብዬ ነው።

ምስጋናዬ ስኮር በሚባል ድርጅት በኩል ላገኘኋቸው አማካሪ ነው። "ስሜን አታንሺ" ስላሉኝ አላነሳም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለትልልቅ ህንጻዎች የጨረታ ዋጋ ሲያወጡ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። እስካሁን አምስት ሳንቲም አላስከፈሉኝም። ስኮር እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሰረተ ሲሆን፣ ኤስቢኤ ከሚባለው የፌዴራል የአነስተኛ ንግዶች መስሪያ ቤት ጋር ነው የሚሰራው። አማካሪዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ታገኟቸዋላችሁ።

"አማካሪ" ሲባል "በርቺ፣ ትችያለሽ" ብሎ የሚሸኝ ሰው የሚመስለው አይጠፋም። እኚህ ሰውዬ "በርቺ" ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ ያሉኝ "የአንድ ቀቢ ሰዓት ስንት ያወጣሻል?" ነው። በሰዓት 25 ዶላር የሚከፈለውን ሰራተኛ ያዝን። እስክሪብቷቸውን አነሱና ከቁጥሩ ስር መደርደር ጀመሩ። አሰሪ የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ህክምና) ድርሻ 7.65 በመቶ፣ እሱ ብቻውን ወደ 1 ዶላር ከ91 ሳንቲም። የስራ አጥነት መድን። የስራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ። የተጠያቂነት ኢንሹራንስ። ቫኑና ነዳጁ። ከዚያ ደግሞ ገና ብሩሽ ሳይነከር ወለል በፕላስቲክ ሲሸፈን፣ ጠርዝ በቴፕ ሲለጠፍ የሚያልፈው ሰዓት። ወረቀቱ ሲሞላ 25 ዶላር የሚባል ሰራተኛ የለም። "ይህ ቁጥር ሳይኖርሽ ጨረታ ብታሸንፊ ከኪስሽ ነው የምትሰሪው" አሉኝ፤ በቃ። ዛሬም ቢድ፣ ማለትም የጨረታ ዋጋ፣ የማስገባው ያንን ወረቀት አጠገቤ አድርጌ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ውል ማንበቡ ነው። የሳብ ኮንትራክተር፣ ማለትም ከዋናው ኮንትራክተር ስር ስራ የሚወስድ ድርጅት፣ የሚፈርመው ውል ወፍራም ነው፤ የሚጎዳው ዓረፍተ ነገር ደግሞ መሃል ላይ ተሸጉጦ ነው የሚገኘው። ለምሳሌ ዋናው ኮንትራክተር የሚከፍላችሁ ከባለንብረቱ ሲከፈለው ነው የሚል አንቀጽ አለ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ፣ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 በመቶ፣ የህንጻው ስራ በሙሉ እስኪያልቅ የሚያዝ ገንዘብም አለ። እኛ ቀለም ቀቢዎች መጨረሻ ላይ ስለምንገባ እንሻላለን። የሚያሳዝነው ገና በመጀመሪያ ገብቶ መሰረት የቆፈረው ነው።

ሌላው ተጨማሪ ስራ ነው። ሳይት (ግንባታው ቦታ) ላይ ሱፐርቫይዘሩ "ይቺን ኮሪደርም ቀቡልን፣ በኋላ እንተሳሰባለን" ይላል። ታውቁታላችሁ፣ ያ "በኋላ" አይመጣም። እሳቸው ያስለመዱኝ ብሩሽ ከመነሳቱ በፊት አጭር ኢሜይል መላክ ነው፤ ምን ታዘዝን፣ ማን አዘዘ፣ ስንት ያወጣል፣ "እባክዎ ያረጋግጡልኝ"። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ሁለት ፎቅ ተጨማሪ አሰርቶን ሊክደን ሲል ያቺ ኢሜይል አፉን አስያዘችው። ቼኩ መጣ።

ቦንድንም፣ ማለትም ኮንትራክተሩ ግዴታውን ባይወጣ ሌላ ድርጅት የሚሰጠውን ዋስትና፣ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ የፌዴራል ግንባታ ዋናው ኮንትራክተር ቦንድ ማቅረብ አለበት። ትንሽ ድርጅት ደግሞ ታሪክም ጥሪትም ስለሌለው ቦንድ ሰጪ ፊት ይነሳዋል። ለዚህ ኤስቢኤ ዋስ የሚሆንበት ፕሮግራም አለ። እሱም ቢሆን የተጣራ ሂሳብ ይፈልጋል፤ የቤትና የስራ ገንዘብ በአንድ አካውንት ተቀላቅሎ አይሆንም።

በመንግስት ጨረታ ላይ ስለሚያግዘው ሰርተፍኬት የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ ባጭሩ ልናገር። የሴቶች ድርጅት ተብሎ በኤስቢኤ ለመመዝገብ ቢያንስ 51 በመቶው የሴት መሆን አለበት፤ የዕለት ተዕለት ስራውንም የምትመራው እሷው መሆን አለባት። በስም ብቻ አይሰራም። ዜግነትም ይጠየቃል፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። 8ኤ የሚባለው፣ በማህበራዊና በኢኮኖሚ ችግር ወደ ኋላ የቀሩ ሰዎችን ድርጅት የሚያግዘው የኤስቢኤ ፕሮግራም 9 ዓመት ይቆያል። በ2023 ከወጣው የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ግን አናሳ ወገን መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የደረሰባችሁን እንቅፋት በማስረጃ ራሳችሁ ማሳየት አለባችሁ። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከመሙላታችሁ በፊት የመስሪያ ቤቱን ገጽ እዩ። ትንሹ ድርጅት ከትልቁ ጋር ተጣምሮ የሚወዳደርበት፣ "ሜንቶር ፕሮቴጄ" የሚሉት ፕሮግራምም አለ። እሱ ግን እግር ከተከሉ በኋላ ነው።

ማመልከቻው ራሱ ነጻ ነው። እኔን "ሰርተፍኬቱን እናወጣልሻለን" ብለው ብዙ ሺህ ዶላር የጠየቁኝ ነበሩ። መጀመሪያ ስኮርን፣ ወይም በየአካባቢው ያለውን የሴቶች የንግድ ማዕከል ጠይቁ። ማዕከሎቹ የመጡት በ1988 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ ሕግ በፊት በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሴት ለንግድ ስትበደር ወንድ ዘመድ ይፈርምላት ነበር። ሩቅ ዘመን አይደለም፤ እናቶቻችን ያዩት ነው።

ቅር የሚለው እንዳይኖር፣ አማካሪ ስራ አያመጣም፣ ብርም አያበድርም። የሚመደብላችሁም ሁሌ ግንባታ የሚያውቅ አይሆንም። ለእኔ መጀመሪያ የደረሱኝ የሱቅ ሰው ነበሩ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ሳይት አያውቁም። ሌላ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ፣ ማንም አልተቀየመም። ስትመዘገቡ "ግንባታ የሰራ ሰው እፈልጋለሁ" ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ያሸነፋችሁትን አንድ ቢድ፣ የተሸነፋችሁበትን አንድ ቢድ፣ ያልፈረማችሁት ውል ካለ እሱንም ያዙ። እሳቸው መጀመሪያ የሚያነሱት የተሸነፈውን ነው።