የጣና ዳር የክረምት ትንበያ፦ የትኛውን ልመን?

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የቤተሰቤ የሩዝ ማሳ ግን ፎገራ፣ ከወረታ ወጣ ብሎ ነው። ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ስለ ክረምቱ የሚወጣ ነገር አያመልጠኝም። አነባለሁ፣ ከዚያ ለአባቴ እደውላለሁ።

መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ። ክረምቱ ሳይገባ ይወጣል፣ እስከ መስከረም ያለውን ይሸፍናል፣ ክፍያም የለውም። ለየአካባቢው የሚሰጠው የሦስት ነገር ዕድል ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ሦስቱ ሲደመሩ መቶ ናቸው። እንግዲህ «ከመደበኛ በላይ» 45 ቢሰጠው፣ ከዚያ ውጭ የመሆኑ ዕድል 55 ነው ማለት ነው። ገበያ ላይ ሲደርስ ግን «ዘንድሮ ጎርፍ ነው አሉ» ሆኖ ያርፋል። ጥፋቱ የካርታው አይደለም።

ለእኔ ከዝናቡ መጠን ይልቅ የሚጠቅመኝ አገባቡና አወጣጡ ነው። ይዘገያል ከተባለ አባቴ ዘሩን ቶሎ አይበትንም። ቀድሞ ይወጣል ከተባለ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ይፈልጋል። ከጀርባው ያለው ሳይንስም የዋዛ አይደለም። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚሉት፣ የእኛ የሰሜኑ ክረምት ይሳሳል። የ2007ቱን ክረምት ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ፣ ላኒና የሚሉት፣ ነገሩ ይገለበጣል።

የማይነግረን ነገር ግን አለ፤ እሱ ነው ፎገራ ላይ ዋናው። የእኛ ጎርፍ የሚመጣው ማሳችን ላይ ከሚዘንበው ብቻ አይደለም። ወንዞቻችን ርብም ጉማራም የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። እታች ፀሐይ ወጥቶ ሰው ልብሱን እያሰጣ፣ ጉማራ ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ከድልድዩ ሥር ሲያልፍ አይቻለሁ። በዚያ ላይ ነሐሴ መጨረሻ ጣና ራሱ እየሞላ ስለሚመጣ ወንዙ የሚገባበት ያጣል፤ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሜዳው ላይ ይተኛል። የ1998ቱን ጎርፍ ፎገራም ደንቢያም አይረሱትም። ሩዝ ውኃ ይወዳል እንጂ መስጠም አይወድም። ለዚህ ነው አባቴ ስደውልለት ስለ ፎገራ ጠይቆኝ የማያውቀው። «ጉና ላይ ምን ይላሉ፣ ልጄ?» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን ትንበያ ነው ይበልጥ የምወደው። ጠባብ ነው፣ ቶሎ ይታደሳል። ከባድ ዝናብ የሚጠበቅባቸውን ዞኖች በስም ይጠራል። የእኛው ደቡብ ጎንደር ከተጠራ ማዳበሪያው ይቆያል፤ ዛሬ ተበትኖ ነገ ጣና ቢገባ ምን ዋጋ አለው?

አሁን ወደ ስልኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ መተግበሪያ አለ፤ ስልኬን ስገዛ አብሮ የመጣ። ሐምሌን ሙሉ ደመናና ጠብታ ይስልልኛል። ጎበዝ! የባሕር ዳር የዓመት ዝናብ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይህንን ለማወቅ ዳታ አላቃጥልም። የምፈልገው ሰዓቱን ነው፣ እሱ ደግሞ ሰዓቱ ላይ ነው የሚስተው። ተራራው ላይ ዝናብ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። ጣና ላይ ግን ሌሊት። ቀን የብሱ ይግላል፣ አየሩ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ማታ የብሱ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ አየሩም ወደ እሱ ይሰበሰብና ደመና ይሆናል። እንዲህ ያለው መተግበሪያ አገሩን በሰፋፊ ካሬ ከፋፍሎ አማካዩን ስለሚሰጥ ሐይቁንና ዳርቻውን አንድ ላይ ይደፈጥጣቸዋል።

የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ስልኩ ማታውን በሙሉ ጨረቃ ሲያሳየን ነበር። ድንኳን መከራየት ተውንና ግቢው ውስጥ ወንበር ደረደርን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በሐይቁ በኩል መብረቁ ጀመረ፤ ወዲያው በረዶ። ቄሱ ሳይቀሩ ትሪ ይዘው ወደ ሳሎን ሮጡ። ስልኩ ላይ ጨረቃዋ እንዳለች ናት።

ከአምስት ልስጥ ከተባለ፦ ለአሥር ቀኑ አራት ተኩል፣ ለወቅቱ አራት፣ ለስልኩ አንድ። አንዱም የሙቀት መጠኑን ስለማይስት ነው፤ ጃኬት ልያዝ አልያዝ ለሚል ይበቃል።

በክረምት ለመምጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ኑ፤ ጢስ ዓባይ በነሐሴ ነው የሚያምረው። ለዘጌ ጀልባ ግን ጠዋት ተነሡ። ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ያስፈራል። ስለ ቀኑ ከስልካችሁ ይልቅ ጀልባ ነጂውን ጠይቁ። «ዛሬስ ይቅር» ካላችሁ አትከራከሩት፤ ገቢው እየቀረበት ነው እንደዚያ የሚላችሁ።